መጥበሻ በኪሎ

ሐሙስ ረፋድ፣ ሐዋሳ፣ አሮጌው ገበያ፣ ከዕቃ ተራው መሐል፣
መጥበሻ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ ክንዴ ይመዝናል።
«ወንድሜ፣ ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ ባለሱቁ ዱካሞ፣
አሥራ አንደኛውን ሳነሣ ትዕግሥቱ አልቆ፣ ከበርጩማው ቆሞ።
«ቀላል» አልኩት። ሳቀ። «ቀላልማ ማን ይጠላል!
ኑሮም ቀሎ ቢሸጥ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ይሰለፋል።»

«ጋራምባ ልወጣ ነው፤ ሦስት ቀን በእግሬ፣ በጀርባዬ ሻንጣ፤
ጉልበቴ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ አመል አወጣ።
አንድ ኪሎ፣ ሐዋሳ አስፋልት ላይ፣ ያው አንድ ኪሎ ነው፤
አርቤጎና ዳገት ሲደርስ ግን ወልዶ ነው የምታገኘው።»

ብረቷ ጥቁር ናት፣ እንደ አምባዛ ጀርባ የምታበራ፤
ሽንኩርት ቀስ ብላ ታቁላላለች፤ ንፋስ አይበግራት፣ እሳት አትፈራ።
ግን ሳነሣት አንጓዬ «ተው» አለኝ፣ ትከሻዬም አብሮ፤
እሷን ይዞ ዳገት መውጣት አማትን አዝሎ መሮጥ ነው ዘንድሮ።

አሉሚኒየሟ ላባ ናት፤ በጥፍሬ ብመታት ጮኸች፤
አውቃታለሁ፤ መሐሉን አሳርራ ዳር ዳሩን ጥሬ የምትተው እሷ ነች፤
ወዲያው ግላ ወዲያው የምትበርድ፣
ሻንጣ ውስጥ ውላ የምትሰረጉድ።
የማታጣብቀዋም አለች፤ ሐምራዊ፣ መያዣዋ ጎማ፤
የእንጨት እሳት ያየች ቀን ትቀልጣለች እንደ ሻማ።

«ሚዛን አለህ?» አልኩት። «ለመጥበሻ?» «አዎ፣ ለመጥበሻ።»
ቲማቲም ሻጯ ሹንዱሬ አዋሰችን፤ ሳቋ ግን አልነበረውም መጨረሻ።
ብረቷ፦ ሁለት ኪሎ ከሩብ። አሉሚኒየሟ፦ ሦስት መቶ ግራም።
ሰው ከበበን። ከባጃጅ የወረደ ልጅ፣
«ከአጥንት ጋር ነው ያለ አጥንት?» አለ፤ አላፈረም።

ዳንጊሶ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።
አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንወጣ መጥበሻ ከብዶኝ አያውቅም፤
ለካ ተሸክሜው አላውቅም።
የኔ ሻንጣ ውስጥ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ሬዲዮ፣ ወሬ፤
የሱ ውስጥ ብረት፤ አንድም ቀን ሳይነግረኝ እስከ ዛሬ።

ምንም ሳልገዛ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ፣ ወደ ሐይቁ፤
አባ ኮዳዎች እንደ ዕድርተኛ ቆመው የዓሣ አንጀት ሲጠባበቁ።
ወገቡ ላይ ሐኪም ያዘዘለት ቀበቶ፣ ጭኑ ላይ መረብ፤
«ያቺ ብረት ስንት ትመዝን ነበር?» አልኩት፣ ገና ሳልቀርብ።
ሳቀ። «ብረቷስ ምንም አይደለች፤ ሁለት ኪሎ ከምናምን፤
የከበደኝ ወሬህ ነበር። እሱን ማን ይመዝን?»

ዝም አልኩ።
መርፌውን በመረቡ ዓይን አሾልኮ፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣
«ደግሞም» አለ ዳንጊሶ፣
«ሌሊት ቀርከሃው ሲያፏጭ፣ ብርዱ ድንኳኑን ሲቦረቡር፣
አንተ ጥርስህን ስታፋጭ፣ እኔ ጥግ ይዤ ዝም እል ነበር፤
እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያቺን ብረት በፎጣ ጠቅልዬ
እግሬ ሥር አስተኛት ነበር።
እስኪነጋ ትሞቃለች።
አልነገርኩህም፤ ተሸካሚም ደመወዝ አለው ብዬ።»

አሥራ አራት ዓመት!
አንድ ድንኳን፣ አንድ ሳህን፣ ሁለት ሌባ።
እሱ ሙቀቴን፣ እኔ ጀርባውን።
ሒሳቡን ልሠራው ሞከርኩ፤ ሐይቁ ዳር፣ በጣቴ፣ በአሸዋው ላይ።
ማዕበሉ መጣ፤ እኔም ተነሣሁ።

ዱካሞ ሸራውን ሲያወርድ ደረስኩበት።
ከጥግ፣ ከሰፈሪያዎቹ ጀርባ፣ አንዲት ነበረች ያላየኋት፤
ከላሜራ የተቀጠቀጠች፣ መያዣዋ ታጣፊ፣ ዳሯ ላይ የመዶሻ ጠባሳ፤
ለላባ ከባድ፣ ለአማት ቀላል።
ለሚዛን አልጠየቅኩም።
ጫማዬን አወለቅኩ፤
ካልሲዬን ጨምሬ አወለቅኩ፤
ገበያው መሐል ቆሜ እግሬን አስገብቼ ለካሁባት።

ዱካሞ አየኝ። መጥበሻዋን አየ። እግሬን አየ።
ከዚያ፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል፣
«ሹንዱሬ!» ሲል ተጣራ፤ «ነይማ፣ ነይ ቶሎ፤ ሰውዬው ተመልሷል።»